በሎሚ የታጠቡት ቄሣሮች

ወሬውን ያመጣችው ልሳነወርቅ ናት፤ ባልና ሚስቱን ከዳኙት ሽማግሌዎች የአንዱ፣ የአቶ አያሌው ሚስት። እሳቸው ደግሞ ከሚስታቸው ምስጢር አያሳድሩም።

ስሂንና ባሏ ንጉሴ የተለያዩት የቤት ዋጋ ባሽቆለቆለበት ዓመት ነው። የስሂን እናት አገር ቤት ሲሞቱ ለአውሮፕላን ቲኬት የሚሆን የለኝም ያለው ሰው፣ ወሩ ሳይወጣ ለሚሰበስባቸው ጥንታዊ ሳንቲሞች አንዲት የነሐስ ጨምሮ ገባ። ስሂን ልብሱን በቆሻሻ ከረጢት አጭቃ፣ እሑድ ሰው ከቅዳሴ ሲወጣ ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ደረደረችለት። ሕዝብ እያየ ለቀመው። ሄዶ ከወንዙ ማዶ አሌክሳንድሪያ የሰው ምድር ቤት፣ ቤዝመንት ተከራየ።

ሳንቲሞቹ ሲልቨር ስፕሪንግ አብረው በገዙት ቤት፣ ስሂን ዘንድ ቀሩ። የጥንት ሮም ትገዛቸው የነበሩ ከተሞች ለየገበያቸው የመቷቸው ናቸው፤ በአንድ ወገን የቄሣር ራስ፣ በሌላው የከተማው ቤተ መቅደስ። ሁሉም በዘመን ብዛት አረንጓዴ ዝገት ለብሰዋል። ገማች መጥቶ አይቷቸው፣ በዋጋ ከቤቱ አይተናነሱም ብሎ ሄዷል።

ስሂን የምትፈራው ቤቱን እንዳታጣ ነበር። ቢሆንም ሽማግሌ የፈረደውን እንቀበላለን ብለው ሁለቱም መስቀል መትተው ምለዋል።

ሽማግሌዎቹ ለፍርድ በሚመጡበት ዋዜማ ንጉሴ ኮል አደረገላት።

«አደራ፣ ሳንቲሞቹን እንዳትነኪያቸው።»

«ምን አደርጋቸዋለሁ? ልበላቸው ነው?»

«ዋጋቸው አረንጓዴው ነው። እንደዚያ እንደ ናስ መስቀልሽ በሎሚና በአመድ ከፈተግሻቸው አለቀላቸው። ማንም ዞር ብሎ አያያቸውም።»

«በሎሚ?»

«በሎሚ። አደራሽን።»

ስልኩን ዘግታ በቀጥታ ግሮሰሪ ሄዳ ሎሚ ገዛች። አመድ ከየት ይምጣ፤ በጨው ተካችው። ቄሣሮቹን አንድ በአንድ፣ አፍንጫቸው እስኪጠፋ ፈተገቻቸው። እያንዳንዷን ስታስቀምጥ «ይቺ ለእማዬ» ትል ነበር።

በማግስቱ ሽማግሌዎቹ ከንጉሴ ጋር ሳሎን ሲገቡ ሳንቲሞቹ ትሪ ላይ እንደ አዲስ ቧንቧ ያበራሉ።

«ምን አደረግሽ ልጄ?» አሉ አቶ አያሌው።

«ሽማግሌ ሲመጣ ቤት አይጸዳም እንዴ?»

ንጉሴ ትሪውን አየ። ፊቱን በመዳፎቹ ሸፈነ፤ ትከሻው ተንቀጠቀጠ። ስሂን እናቷ ከሞቱ ወዲህ እንደዚያ ቀን አንጀቷ ርሶ አያውቅም።

አቶ አያሌው ጉሮሯቸውን ጠርገው ፍርዱን ተናገሩ።

ንጉሴ ዛሬ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ቤቱ ውስጥ ነው። ስሂን ጌይተርስበርግ አንድ ክፍል ተከራይታ ትኖራለች፤ ሳንቲሞቹ እሷ ጋ ናቸው።

«ቤቱ ለእኔ፣ ሳንቲሞቹ ለእሷ ይሁኑ» ብሎ ንጉሴ ሽማግሌዎቹን ያስማማው፣ ስለ ሎሚው ከመደወሉ በፊት ነበር።