የመልካም መንገድ ካርድ

የሳምንቱ የካርድ ሥራ ውድድር ርዕስ «መልካም መንገድ» የሚል ነበር። ልጅቷ ወፍራም ወረቀት ላይ የምትከፈት ትንሽ በር በምላጭ እየቆረጠች ሳለ እናቷ ከአልጋቸው ሆነው ለሦስተኛ ጊዜ ተጣሩ። «መጣሁ እማዬ!» አለች፤ ግን አንድ ጠርዝ ብቻ ስለቀራት ትንፋሿን ይዛ ቆርጣ ጨረሰች። የእናቷ ግራ ጎን አልታዘዝ ካለ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ከዚያ ወዲህ እሷም ከፋርማሲና ከዳቦ ቤት አልፋ አታውቅም። ካርዶቿ ግን በየሳምንቱ ለውድድሩ በፖስታ ይሄዱ ነበር።

«ምን ይዘሽ ነው እንዲህ የምትቆዪብኝ?» አሉ እናቷ፣ ካርዱን እንደያዘች ስትገባ።

«ለውድድር የምሠራው ነው፣ እማዬ።»

«ማን ሊሄድ ነው?» አሉ እናቷ፣ ካርዱ ላይ የተጻፈውን «መልካም መንገድ» አንብበው።

«ኧረ ማንም አይሄድም!»

እናቷ ካርዱን በደህናው እጃቸው ተቀብለው በሯን በአውራ ጣታቸው ከፈት አደረጓት፤ መልሰው ዘጓት፤ ደግሞ ከፈቷት።

«ለወንድምሽ ደውዪለት» አሉ ቀና ሳይሉ። «አንድ ወር እሱ ያስታምመኝ፤ እሱም ልጄ ነው። አንቺ ሂጂ።»

ይህን ቃል ስንት ዓመት ጠብቃዋለች! አሁን ሲመጣ ግን አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ብትሄድ የሚቀበላትን ሰው በሐሳቧ ፈለገች፤ የምታውቃቸውን ሁሉ አንድ በአንድ አስታወሰች፤ ስድስት ዓመት ሙሉ የደወለችለት አልነበረም።

«የት?» አለች በመጨረሻ። «የት ልሂድ፣ እማዬ?»