ዶሮ በስልክ ሲባረክ

በኮሮናው ዓመት፣ በገና ዋዜማ፣ ዶሮዋን ታቅፋ ኮንዶሚኒየሙን ከታች እስከ ላይ ብትዞር የሚያርድላት ወንድ አጣች። ባሏ በኮሮና ሆስፒታል መተኛቱን የሰማ ጎረቤት ሁሉ፣ በሩን ሳይከፍት "እንኳን አብሮ አደረሰን" እያለ ሸኛት።

ለባሏ ደወለች።

"አንቺው እረጂው፤ እኔ ከዚህ እባርካለሁ" አላት።

"በስልክ? ይሆናል ደግሞ?"

"ቅዳሴውን በቴሌቪዥን አይደል የምታስቀድሺው? ይልቅ ፈረሰኛውን አስቀምጪልኝ። አጠገቤ የተኛው ከድር እንኳ እየሳቀብን ነው።"

"ብቻ ኦክስጅኑን እንዳታወልቅ።"

"አፌን ተሸፍኜ ምኑን እባርካለሁ?"

ስልኩን ስፒከር ላይ አድርጋ መሬት አስቀመጠችው። የዶሮውን ክንፍ ረግጣ ቢላውን አነሳች።

"በስመ አብ ወወልድ…" ብሎ ሳል ያዘው። ጠበቀችው። ሳሉ በረታ፣ ቆየና ቆመ። የሚሮጥ ሰው ኮቴ ተሰማ። አሁንም ጠበቀች፤ ዶሮውም ዝም ብሎ ጠበቀ።

በመጨረሻ የከድር ድምፅ መጣ፤ "ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን።"

"ኧረ ተው አንተ ሰውዬ!" ብላ ጮኸች። "የክርስቲያን ዶሮ እኮ ነው!"

"እህቴ" አላት ከድር፣ "ለዶሮው አይደለም።"