የሎሚና የኮምጣጤ ነገር

የመምህርቷ አማት በሕይወት ሳሉ፣ ምራታቸው ቲማቲም በሎሚና በጨው ስታጥብ ባዩ ቁጥር፣ «ይሄ ማጠብ ሳይሆን ማባበል ነው፤ ወዲህ በይው!» ይሉና ከእጇ ቀስ አድርገው ወስደው በኮምጣጤ ይደግሙት ነበር። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ በገዛ ማድቤቷ እንግዳ ሆና ኖረች።

አማቷ ካረፉ ሦስት ወር ሆኗቸዋል። እሷ በሎሚ ያጠበችው ሁሉ ግን፣ ዘወር ብላ ስትመለስ፣ ኮምጣጤ ኮምጣጤ ይሸታል። የኮምጣጤውን ጠርሙስ ከነክዳኑ ከጣለችው ደግሞ ሰንብታለች።

«ምናለ ኮምጣጤ ገዝተሽ ብንገላገል?» አለ ባሏ በሩ ላይ ቆሞ። «በቁማቸው ያልቻልሻቸውን አሁን ልትችያቸው?»

«ያኔ ለአንተ ብዬ ዝም አልኩ። ከእንግዲህ የራሴን ቲማቲም እኔው አጥባለሁ!»

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ባሏን ገበያ ሰደደችና የማድቤቱን በር ከውስጥ ቆለፈች። ሎሚ ጨምቃ፣ ጨው በትና፣ ቲማቲሞቹን ሩብ ሰዓት ያህል ዘፈዘፈች። ከዚያ አንዱን አውጥታ በጨርቅ አደረቀችውና፣ ዓይኗን ከላዩ ሳትነቅል በመዳፏ ይዛው ተቀመጠች። ወደ አፍንጫዋ አስጠጋችው። ሎሚ ሎሚ ሸተታት፤ ፈገግ አለች።

ያን ጊዜ ቲማቲሙ፣ ከልጅ እጅ ላይ ምላጭ እንደሚወሰድ ባለ ጥንቃቄ፣ ከጣቶቿ መካከል ቀስ እያለ ይሳብ ጀመር።

«አልሰጥም፣ እማማ» አለች፤ ጭብጧንም አጠበቀች።

ከወዲያ የያዘውም ጠበቅ አደረገ።