ለአስናቀ የሚሆን ስብሰባ

ፈንታነሽ የደብረ ታቦሩን ስብሰባ የጠላችው ገና በሩ ላይ ነው። ከመጠጥ የወጡ ሰዎች እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የሚሰበሰቡበት የቀበሌ አዳራሽ ነበር።

«ግባ!» አለችው ባሏን፣ በክርኗ ጎሸም አድርጋ። «ልጄን ያሳጣኝ ጣጣ ዛሬ ይለይለት።»

ልጃቸው ሕይወት ከመስቀል ወዲህ እብናት ናት። የወሰደቻት ባዳ አይደለችም፤ የፈንታነሽ የገዛ እናቷ ናት። «መጠጥ ባለበት ቤት ልጅ አያድግም» አለች። «ከመጠጥ ከወጡት ሰዎች ጋር ገብታችሁ ካልጸናችሁ ዓይኗን አታዩትም።» ፈንታነሽ ይህ ቃል ትዝ ባላት ቁጥር ደሟ ይፈላል።

አስናቀ የሚኒባስ ሹፌር ነው። ጎህ ሳይቀድ ስለሚነሣ ዓይኑ እንደቀላ ይውላል፤ ቃልም ከአፉ የሚወጣው ተለምኖ ነው። ዝምታ ወርቅ ነው ይባላል። የአስናቀ ዝምታ ግን ለሚያየው ሁሉ የጥፋተኛ ዝምታ ይመስል ነበር።

«ማንኛችሁ ናችሁ?» ብላ ጠየቀች የስብሰባው መሪ ሰብለወንጌል።

ፈንታነሽ በአገጯ ወደ ባሏ ጠቆመች። አስናቀ አንገቱን ደፍቶ ለአዲስ ገቢ በተዘጋጀው በርጩማ ላይ ተቀመጠ። ሰብለወንጌል ባልና ሚስቱን ጠጋ ብላ አየቻቸውና አፍንጫዋን ያዝ አደረገች።

«እዚህ ተቀምሶ አይመጣም» አለች።

«ሰማህ?» አለች ፈንታነሽ፣ ቅርንፉዷን እያላመጠች።

ያ ስብሰባ ለፈንታነሽ ሳይስማማት ቀረ። «ግማሹ ጎረቤቴ ነው» አለች ሲወጡ። «ነገ ገበናዬን በየገበያው ሲቸረችሩት ሊውሉ!»

በሚቀጥለው እሑድ ገሳይ ሄዱ። የነዳው አስናቀ ራሱ ነው። በዚያ መንገድ ስንት ዘመን ሲመላለስ ዶሮ እንኳ ገጭቶ አያውቅም፤ ትራፊኮቹም ሰላም ብለው ያሳልፉታል። እንደደረሱ መንገድ ዳር ቅቅል ድንች በሚጥሚጣ በሉ። ፈንታነሽ ስትጠግብ ጠበል የምትይዝበትን ሃይላንድ ከቦርሳዋ አወጣች፤ ፊቷን በነጠላዋ ከለል አድርጋ ተጎነጨች። አስናቀ ዓይኑን ወደ መንገዱ መለሰ።

«እህቴ፣ የየት ጠበል ነው?» አለቻት ድንች ሻጯ። «ልጄን ራሱን እያመመው ነው፤ እስቲ ጠብ አድርጊለት።»

«ሄደሽ ቅጂ! እግር የለሽም?» ብላ ከደነችው።

ድንች ሻጯ አማተበች። ጠበል ነፍጎ የሚሄድ ሰው በዕድሜዋ አላየችም።

የገሳዩ መሪ ዋልልኝ የሚባል ወጣት ነበር። አስናቀን በርጩማው ላይ አስቀምጦ፣ «እርስዎስ እንዴት ነዎት?» ብሎ ወደ ፈንታነሽ ዞረ።

«እኔ ምን ሆንኩ? በሽተኛው እዚህ ተጎልቶ ጤነኛ ታክማለህ?» ብላ ጮኸችበት። «ጢም ሳያወጣ መካሪ!»

በመልሱ መንገድ አስናቀ ሳይለመን ተናገረ።

«ፈንቴ፣ ለእኔ የትም ቢሆን ግድ የለኝም። ደስ ያለሽን ምረጪ፣ እቀመጥበታለሁ። ብቻ ልጃችን ትምጣ።»

«አንተማ ምን ገዶህ! የምቃጠለው እኔ!» አለችው።

ሦስተኛው ስብሰባ ከጣራ ገዳም ግርጌ፣ ባዶ የእህል መጋዘን ውስጥ ነበር። የሚመሩት አያ ይሻው ናቸው፤ በጉብዝናቸው ጥማድ በሬ ሸጠው የጠጡ፣ አሁን ግን ከውሃ በቀር የማይቀምሱ ሽማግሌ።

«ማንኛችሁ ናችሁ?» አሉ።

ፈንታነሽ አገጯን ወደ ባሏ አነሣች። አስናቀ ቦታውን ለምዶታል፤ በርጩማው ላይ ተቀመጠ።

«ዝም ማለቱን አይተው እንዳይታለሉ፣ አያ ይሻው» አለች። «ጉድና ጅራት ከወደኋላ ነው።»

ይህኛውን ወደደችው። የሚያውቃት ሰው የለም፤ ከኋላ፣ ነፋስ በሚገባበት በር አጠገብ አግዳሚ ወንበር አገኘች። ማንም ወደ እሷ አልዞረም። «እዚህ ይሁንለት» አለች በልቧ። ለፋሲካ ሕይወትን እቤቷ አስቀምጣ ጸጉሯን ስትሠራት ታያትና ከልቧ ደስ አላት። ሃይላንዱን አውጥታ ተጎነጨችና ጭኗ ላይ አኖረችው።

ያን ጊዜ ሙላቴ የሚባል፣ መጠጥ ከተወ ሳምንት ያልሞላው ገበሬ፣ ላብ አጥምቆት ይንዘፈዘፍ ጀመር። ወዲያው ከወንበሩ ተዝለፍልፎ ወደቀ።

«ጠበል! ጠበል የያዘ!» ተባለ።

ዓይን ሁሉ የፈንታነሽ ጭን ላይ አረፈ።

«አይሆንም!» ብላ ሃይላንዱን አቀፈች። «የራሴ ነው!»

«ተዉት፣ የሷ ነው!» አለ አስናቀ፣ ካለበት ሳይነሣ። ድምፁን ከፍ ሲያደርግ የመጀመሪያው ነበር።

«ክርስቲያን ወድቆ ጠበል ይከለከላል?» አሉ አያ ይሻው ተቆጥተው። ከእጇ ነጥቀው ከፈቱት፤ በስመ አብ ብለው በሙላቴ ፊት ላይ አርከፈከፉት።

ሙላቴ ዓይኑን ገለጠና ከንፈሩን ላሰ።

«አያ ይሻው» አለ ቀስ ብሎ፣ «ይቺ እኮ ዳግም አረቄ ናት።»

አስናቀ ከበርጩማው ተነሣና ለሚስቱ ለቀቀላት።