ከኮኩራ የማይነሳው ባቡር

ሃምሳ አለቃ ሳኩዞ ጦርነቱን በሦስቱም በር ሞክሮታል። በየብስ በርማ ድረስ ዘምቶ ግራ እግሩን እየጎተተ ወጣ። በባሕር ወደ አገሩ ሲመለስ መርከቡ ከሥሩ ሰመጠበትና ሳንቃ ታቅፎ ዋለ። የቀረው ሰማይ ነበር። ከኮኩራ ባቡር ጣቢያ ጀርባ ባለው ጉብታ ላይ አንድ ፀረ አውሮፕላን መድፍና አምስት ሰው ሰጡት። በአሥር ወር ውስጥ አንድ ወፍ እንኳ አልጣለም።

ዛሬ ግን ያንገበገበው መድፉ አይደለም፤ ባቡሩ ነው።

ሚስቱ ቶሜ የስድስት ወር ልጃቸውን አዝላ ከንጋት ጀምሮ ጣቢያው ላይ ተቀምጣለች። ወደ እናቷ ልትሄድ ነው። እሺ ለማሰኘት ብቻ ሦስት ሳምንት ፈጅቶበታል። የሰፈሩ ሴቶች ባልዲ እየተቀባበሉ እሳት ማጥፋት ይለማመዳሉ፤ ከዚያ ሰልፍ የጎደለች ሴት ስሟ ተነስቶ አያባራም። የጉዞ ፈቃዱን ለማውጣት ደግሞ ፖሊስ ዘንድ አራት ቀን ተመላልሷል። ቶሜ የተረታችው ትናንት ነው፤ ጎረቤት ከተማቸው ያዋታ በቀን ብርሃን ስትጋይ ካየች በኋላ።

"ንጋት ላይ ይነሳል፤ ከምሳ በፊት እናትሽ ጋ ነሽ" ብሏት ነበር።

ረፋዱ ላይ ከጉብታው ቁልቁል ሲያይ ባቡሩ እዚያው ነው። መድፉን ለምክትሉ ትቶ እያነከሰ ወረደ። የጣቢያው ሹም ሙናካታ፣ ነጭ ጓንቱን በዚህ ሁሉ መከራ መሀል ያላወለቀ ሽማግሌ፣ ከሐዲዱ ዳር ቆሟል።

"አባባ፣ ይሄ ባቡር ምን ነካው?"

"እሱስ ደኅና ነው።"

"ታዲያ ለምን አይሄድም?"

"ሐዲዱ ነው የታመመው። ያዋታ ላይ ትናንት ተቆርጧል። እየጠገኑት ነው።"

"መቼ ይጨርሳሉ?"

"ሲጨርሱ።"

ሳኩዞ ጥርሱን ነክሶ ወደ ሚስቱ ዞረ። ቶሜ ልጇን እሹሩሩ እያለች ሳቀችበት።

"እኔ ልመለስ፤ ዛሬ እኮ የባልዲ ተራዬ ነው።"

"ከዚህ ባቡር ንቅንቅ እንዳትይ!"

"እኔማ የት ልነቃነቅ? እሱ ራሱ መች ተነቃነቀ?"

"ቶሜ፣ ቀልዱን ተይው። ትናንት ያዋታ ነበረች፤ ነገ እኛ ነን። እናትሽ ጋ አውሮፕላን ብርቅ ነው። ወደቡ ዳር ተቀምጠሽ ዓሣ ትበያለሽ።"

"ዓሣ? እማዬ በመጨረሻው ደብዳቤዋ የስኳር ድንች ቅጠል እየቀቀልኩ ነው ያለችው።"

"ቅጠልም ቢሆን በሰላም ይበላል!"

ሊቆጣ አፉን ሲከፍት ሳይረኑ ቀደመው። ሰዉ ተጋፍቶ ወደ መጠለያው ጉድጓድ ገባ። ቶሜም ልጇን ደረቷ ላይ ለጥፋ ወረደች። ሳኩዞ አንድ ጤነኛ እግር የሚችለውን ያህል ሮጦ ጉብታው ላይ ወጣ።

ሰማይ የሚባል ነገር አልነበረም። የያዋታ ቃጠሎ ጭስ ከትናንት ጀምሮ ኮኩራ ላይ ተኝቷል። እሱ አልበቃ ብሎ የብረት ፋብሪካው ሰዎች ምድጃዎቻቸውን ለመሸፈን ሬንጅ በበርሜል ያነዳሉ። ሳኩዞ ስልኩን አንስቶ ጮኸ።

"ሬንጁን አጥፉልኝ! ምንም አይታየኝም!"

"እንዳይታይ እኮ ነው የምናነደው፣ ጌታው" አለው አንድ የደከመ ድምፅ።

"ለጠላት ነው ወይስ ለእኔ?"

"ጭስ ሰው አይመርጥም። ትእዛዙ ከላይ ነው።"

"እኔም የታዘዝኩት ከላይ ነው!"

"እንግዲያው ላይኞቹ ይነጋገሩ" አለና ዘጋበት።

ያን ጊዜ ድምፁ መጣ። ከባድ፣ ዝግ ያለ፣ በጣም ሩቅ።

"ሁለት ናቸው" አለ ምክትሉ ጆሮውን አዘንብሎ።

"ሁለት ብቻ?"

"ፎቶ ሊያነሱ ይሆናል።"

ድምፁ ከራሳቸው በላይ አልፎ ሄደ። ሳኩዞ ያላየው ነገር ላይ እንዳይተኩስ ተከልክሏል። ድምፁ ዞሮ ተመለሰ፤ ደግሞ አለፈ። ከሌሎቹ ጉብታዎች በግምት መተኮስ ጀመሩ። ሳኩዞ ዓይኑ እስኪያነባ ጭሱ ላይ አፈጠጠ። በሦስተኛው ዙር በጭሱ መሀል ትንሽ ሰማያዊ ቀዳዳ ተከፈተች።

"አዙሩት! ወደ ግራ! አሁን..."

ቀዳዳዋ ተዘጋች።

"አንተ የተረገምክ ጭስ! ለአንድ አፍታ! አንድ አፍታ ብትገለጥ ምን አለበት?"

ድምፁ ወደ ደቡብ ምዕራብ እየሳሳ ሄዶ ጠፋ። ሳኩዞ ቆቡን አውልቆ መሬት ላይ ወረወረው። ሰዎቹ እንዳላዩ ሆኑ።

ተመልሶ ሲወርድ ቶሜ ከመጠለያው ወጥታ የልጇን ፊት ከአቧራ ትጠርጋለች። ሙናካታ ጓንቱን እያስተካከለ መጣ።

"ከያዋታ ደውለው ነበር። ዛሬ አይነሳም።"

"ምን?"

"ነገ ይሞከራል።"

ሳኩዞ የባቡሩን መንኮራኩር ረገጠ፤ ደግሞ በታመመው እግሩ። ሕመሙ እስከ ወገቡ ወጣ።

"በየብስ ሞከርኩ፣ አልሆነም። በባሕር ሞከርኩ፣ አልሆነም። ጠላት ሦስት ጊዜ በራሴ ላይ አልፎ አንዲት ጥይት አልተኮስኩም። ሚስትና ልጄን እንኳ ባቡር ላይ መጫን አቃተኝ! እኔ ለምን ተፈጠርኩ?"

"አንተ ሰውዬ፣ ሕዝብ ፊት አትጩህ" አለችው ቶሜ እጁን ይዛ። "ነገ ሂጂ ካልከኝ ነገ እሄዳለሁ። አሁን ግን ቤት ልግባ፤ ልጅቷ ርቧታል፤ የባልዲ ተራዬም ገና አላለፈም።"

ሻንጣዋን አንስቶ እያጉረመረመ ተከተላት።

በዚያው ሰዓት፣ የቶሜ እናት በምትኖርበት በናጋሳኪ፣ ሁለቱ አውሮፕላኖች ሲደርሱ ደመናው ለአንድ አፍታ ተገለጠላቸው።