መብረቅ ድምፁን ዝቅ ያደረገ ጊዜ

«ጩህ! ጩህ! ጩህ!»

አዳራሹ በአንድ አፍ ነው የሚለው...

መድረኩ ላይ አንድ ሰው ጊታር ታቅፎ ወንበር ላይ ተቀምጧል። ባንድ የለ፣ ከበሮ የለ፣ ጭስ የለ...

ሰውየው የሮክ ዘፋኝ ነው። አድናቂዎቹ «መብረቅ» ይሉታል። ሲጮህ መስኮት ያርገፈግፋል የተባለለት!

ያን ሰሞን ግን ጉሮሮው ታሞ ነበር። ሐኪሙ «ቀስ ብለህ መዝፈን ትችላለህ፤ ከጮህክ ግን ድምፅህን እርሳው» ብሎታል።

ይህን የሚያውቁት ሚስቱና ማናጀሩ ብቻ ናቸው። ማናጀሩ ደግሞ ባዕድ እንዳይመስላችሁ... ታላቅ ወንድሙ ነው። የእናቱ ልጅ!

ቆይ፣ ትንሽ ወደ ኋላ ልመልሳችሁ።

ከኮንሰርቱ በፊት መብረቅ ብቻውን አንድ አልበም አውጥቶ ነበር። እኔ ሰሃን እያጠብኩ ስልኬ ላይ ከፈትኩት... መጀመሪያ የሌላ ሰው መሰለኝ።

አንድ ጊታር፣ አንድ ድምፅ። ትንፋሹ ይሰማል። የተቀመጠበት ወንበር ሲንቋቋ ሳይቀር ይሰማል!

«እንዴ! ይሄ መብረቅ ነው?!» አልኩ፣ እጄ ሳሙና እንደሆነ።

እኔ የማውቀው ዓለምን ሲሳደብ ነው። እዚህ ዘፈን ውስጥ ግን ደክሟት ሶፋ ላይ እንቅልፍ ለወሰዳት ሚስቱ ቀስ ብሎ ጫማዋን ያወልቅላታል... በቃ፣ ሆዴ ባባ። አለቀስኩ። ወዲያው እዚሁ ገጽ ላይ «ስሙት» ብዬ ለጠፍኩ።

ኮመንቱን ታስታውሳላችሁ አይደል?

«የመብረቅ ወታደር» የሚባል አካውንት ነው የጀመረው። «መብረቅ ሞቷል! ይሄ እሹሩሩ ነው! ኮንሰርቱ ላይ እስኪጮህ ድረስ እንዳትለቁት!» ብሎ ጻፈ።

ከዚያ ምን ልበላችሁ... መንጋው ተከተለ። አልበሙን ሰምቶ የማያውቀው ሁሉ ተሳዳቢ ሆነ።

ኮንሰርቱ ደረሰ።

መብረቅ ማይኩን ጠጋ ብሎ «እባካችሁ... ዛሬ ዝም ብላችሁ ስሙኝ» አለ።

ፉጨት! የውሃ ፕላስቲክ ጠርሙስ ወረወሩበት!

መጋረጃው ጀርባ ወደ ቆመው ወንድሙ ዞረ። ወንድሙ በእጁ «ተነስ! ጩህላቸው!» አለው።

ተነሳ። ጮኸ።

መሐል ላይ ድምፁ ተቆረጠ... አፉ ተከፍቷል፣ የሚወጣ ነገር የለም። አንገቱን ያዘ።

ሕዝቡ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? አጨበጨበ! የትርኢቱ አካል መስሎት!

በነጋታው ሚስቱ ጻፈችልኝ። «እህቴ፣ ስለ አልበሙ ደግ ነገር ስለተናገርሽ ነው ላንቺ የምነግርሽ... ድምፁ ሄዷል» አለችኝና የሐኪሙን ነገር ሁሉ ዘረዘረችልኝ።

ደሜ ፈላ! «ሰውየው ድምፁን አጣ! አሁን ደስ አላችሁ?» ብዬ ለጠፍኩ።

ብዙም ሳይቆይ ኢንቦክስ ገባ፦ «አድሚን፣ ማናጀሩ ነኝ። ወንድሜ ደህና ነው። ጽሑፉን አጥፊው፣ ስማችንን እያበላሸሽ ነው።»

የላኪውን ስም አየሁት...

«የመብረቅ ወታደር»!!!

ሰውየው የሐሰት አካውንቱን ሳይቀይር ነው የጻፈልኝ! ረስቶት!

ወይ ጉድ! ያንን ሁሉ ሰው የነዳበት የገዛ ወንድሙ ነው! ሐኪሙ ምን እንዳለ እያወቀ!

ደወልኩለት። «ምን አንጀት ቢኖርህ ነው?» አልኩት።

ዓይኑን በጨው አጥቦ «እሹሩሩ ማን ይሰማል? ለዚህ ያበቃን ጩኸቱ ነው» አይለኝም!

ያበቃን?! አንተ መቼ ጮኸህ ታውቃለህ?!

መልእክቱን ለሚስቱ ላክሁላት፣ እሷም ለባሏ አሳየችው። ደጋግሞ አነበበው አለችኝ። ከዚያ መናገር ስለማይችል ስልኩ ላይ ጻፈላት፦ «ታሪኩን አድሚኗ ትንገራቸው። ወንድሜን ግን አትስደቡት። ከመጣ በሩን ክፈችለት።»

ወንድምየው ይኸው እየተመላለሰ ያንኳኳል። ሚስትየዋ ቁልፉን ይዛ አልከፍትም ብላለች።

መብረቅ በሩ ጋ ይቆማል። «ክፈችለት» እንዳይላት ድምፅ የለውም፤ ሲጽፍላት ደግሞ ፊቷን ታዞራለች።

ወዳጆቼ፣ የሚወዳችሁ ሰው ድምፃችሁን ዝቅ ስታደርጉ ጠጋ ብሎ ይሰማችኋል። ታማችሁም ቢሆን «ጩኹ» የሚላችሁ ግን እናንተን ሳይሆን ከእናንተ የሚያገኘውን ነው የሚወደው፤ የእናታችሁ ልጅም ቢሆን!

እኔ አልደብቃችሁም፣ ተናድጃለሁ። ከሚስትየዋ ጋር ነኝ።

እናንተስ? ቁልፉ በእጃችሁ ቢሆን ትከፍቱለት ነበር?

ኮመንት ላይ ጻፉልኝ... መጀመሪያ ግን እባካችሁ አልበሙን ስሙት።