ማውረጃው ድንጋይ

«እሱን እንዳትነካ!» ብዬ ከነማማሰያዬ ወጣሁ። ቀድሞኛል። ደጄ ላይ ካለው ድንጋይ ጎን ላይ በቀይ ቀለም ጠማማ መስቀል ሥሎበታል፤ ቀለሙ ገና እርጥብ ነው።

«ይነሳል ማለት ነው፣ እሜቴ» አለኝ ቀያሹ። ስሙ ስማቸው ነው፤ አዲሱን የእንጅባራ ፕላን ይዞ የመጣ፣ የካኪ ሱሪው ተኩስ ያልተጨማደደ ልጅ። «ከእንግዲህ አውቶቡሱ እዚህ አይቆምም። መቆሚያው እዚያ ሜዳው ላይ ነው፣ ችካል ተክለናል። ሱቅ ለብቻው፣ መኖሪያ ለብቻው፣ አውቶቡስ ለብቻው ይሆናል።»

«እኔንስ ለሁለት ልትሰነጥቀኝ ነው?» አልኩት።

ይህ ድንጋይ ከእኔም ከአውቶቡሱም በፊት እዚሁ ነበር። ቁመቱ እስከ ወገብ፣ አናቱ ጠፍጣፋ ነው። የተሸከመ ሰው ጀርባውን ሰጥቶ ሸክሙን ያስቀምጥበታል፤ የሚያወርደው ሰው አያስፈልገውም። ሰው ስለሚያርፍበት አውቶቡሱ መቆም ጀመረ። አውቶቡሱ ስለቆመ ሽባባው የልብስ ስፌት መኪናውን በረንዳው ላይ አወጣ፣ ወፍጮው መጣ፣ እኔም ከፊት ሽሮና ሻይ የምሸጥበት፣ ከኋላ ሁለት ሴት ልጆቼን የማሳድግበትን ቤት ቀለስኩ። የገጠር ሰው እዚህ አንዴ አውርዶ ያስፈጫል፣ ያሰፋል፣ ይበላል፣ ይሳፈራል። አሁን ይሄ ልጅ መጥቶ ሊበታትነው! አውቶቡሱ ከሄደ የእኔ ምድጃ ሳምንት አይነድም።

«አምስት መቶ ሜትር ብቻ ናት እኮ» አለ። «በሰንሰለት ለክቻታለሁ። የአምስት ደቂቃ መንገድ ናት።»

«ባዶ እጅህን ለክተህ ነዋ! ባዶ እጁን ገበያ የሚመጣ ማን አለ?»

ይህን ስል ማር ሻጯ ይታይሽ ከጥርባ መንደር ደረሰች። የማር ገንቦ በጀርባዋ አዝላለች። እንደ ልማዷ ጀርባዋን ለድንጋዩ ሰጥታ ልታወርድ ስትል ቀዩን ቀለም አየችና ገመዷን እንደያዘች ቀረች። «እትዬ ደጊቱ፣ ከእንግዲህ የት ነው የሚወረደው?» ብላ በአገውኛ ጠየቀችኝ። ላቧ እስከ አገጯ ወርዷል።

«ይቺ ሴት ምን እንዳለች ታውቃለህ?» አልኩት። «የት ላውርድ ነው የምትለው። በል መልስላት! ይህን ገንቦ ተሸክመህ ችካልህ ድረስ ውሰድና ብቻህን አውርደው። በደህና ካወረድከው ንጉሥ ይሙት፣ ድንጋዩን በገዛ እጄ ነቅዬ እጥልልሃለሁ። ካልቻልክ ግን መልሰህ እዚሁ ታመጣዋለህ።»

«ሰምተናል!» አለ ሽባባው ከስፌት መኪናው ላይ ቀና ብሎ። ገበያተኛው ከበበን።

ቀያሹ ሳቀ። «ሴት የተሸከመችውን እኔ ያቅተኛል?»

ይታይሽ ዓይን ዓይኔን አየችኝ። ገንቦው የዓመት ማሯ ነው፤ ዳንግላ ልትወስደው ነው የመጣችው። «እመኚኝ» አልኳት። አውርደን እሱን አሸከምነው፤ ገመዱን ደረቱ ላይ አጠበቅነው። መጀመሪያ እየፎከረ ሄደ። ወፍጮ ቤቱን ሲያልፍ ፉከራው ቆመ። ሜዳው ላይ ሲደርስ ሸሚዙ ከጀርባው ተጣብቋል፣ ጫማው ጭቃ ይዟል፤ ገበያው በሙሉ ከኋላው ነው።

ችካሉ ዘንድ ቆመና ዞር ዞር ብሎ አየ። ሣር ነው። ሌላ ምንም የለም። ጎንበስ ቢል ገንቦው ወደ ማጅራቱ አዘነበለና ደንግጦ ቀና አለ። ቁጢጥ ሊል ሞከረ፤ ገንቦው ወደ ኋላ ሲጎትተው ተመልሶ ቆመ።

«እባካችሁ አንድ ሰው ያውርደኝ» አለ።

«አውራጅ ፕላንህ ላይ ሥለህ እንደሆነ እሱን ጥራው!» አልኩት።

ሰዉ በሳቅ ፈነዳ፤ የተንቀሳቀሰ ግን የለም። ያን ጊዜ ፊቱን አየሁት። የሰው ልጅ ነው፣ ደክሞታል። እውነቴን ነው አዘንኩለት፤ አልነካሁትም እንጂ። ይታይሽ በየቀኑ ስትደክም ማን አዘነላት?

ገመዱን በሁለት እጁ ጨብጦ ተመለሰ። በመመለሻው የሳቀበት የለም። ሽባባው እንኳ «አይዞህ፣ ደረስክ» ሲለው ሰማሁ። ድንጋዩ ዘንድ ሲደርስ ጀርባውን ሰጠ፣ ዝቅ አለ፣ ገንቦው የድንጋዩ አናት ላይ ተቀመጠ። ዓይኑን ጨፍኖ «እፎይ» አለና እዚያው ተደግፎ ቆየ።

ገመዱን ፈትቶ ሲላቀቅ ጠማማው መስቀል ከድንጋዩ ወደ ካኪ ሱሪው መቀመጫ ተላልፏል። ልጆቼ አፋቸውን ይዘው ወደ ጓዳ ሮጡ።

ወዲያው የአውቶቡሱ ጡሩምባ ተሰማ። ሾፌሩ ችካሉን ዞር ብሎም አላየው፤ ደጄ ላይ መጥቶ ቆመ። የወረደው ሁሉ የያዘውን ድንጋዩ ላይ አኖረ። ጆንያ መጣ፣ የቀርከሃ ቅርጫት መጣ፣ እግራቸው የታሰረ ሁለት ዶሮዎች መጡ።

ቀያሹ ድንጋዩ ሥር ከተወው የቀለም ቆርቆሮ ብሩሹን አንስቼ ነከርኩና ሰጠሁት። «ምልክትህ ጠፍቷል፣ ጌታው። በል ድገመው።»

ተቀበለኝ። ጎንበስ ብሎ የሚቀባበት ቦታ ፈለገ። በዚህ በኩል ጆንያው እስከ መሬት ተንጠልጥሏል፤ በዚያ በኩል አንዲት አሮጊት ተደግፋ ትንፋሿን ትሰበስባለች። ብሩሹን እንዳነሳ ቆመ፤ ቀዩ ቀለም ጫማው ላይ ይንጠባጠባል።